ስንት ወጋችሁት?

"ገመዱን ያዘው! ያዘው እንጂ!"

ሃምሳ አለቃ ቮንድራቼክ ይህን ሲጮህ ገመዱ ከእጄ አምልጦ አልቋል። ቃሬዛው በበረዶው ላይ ሃያ ክንድ ያህል ቁልቁል ተንሸራተተና ከአንድ ጥቁር ድንጋይ ጋር ተላትሞ ቆመ። በላዩ ላይ በቀበቶ የተጠፈረው አስር አለቃ ፕሩዊት ያን ጊዜ ያወጣው ድምፅ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ሦስታችንም በቂጣችን እየተንሸራተትን ተከተልነው።

"ታኬት፣" አለኝ ሃምሳ አለቃው አጠገቤ ሲደርስ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ተጋግሮ፣ "እጅ ነው ያለህ ወይስ ማንኪያ ነው የተገጠመልህ?"

"ደንዝዞብኝ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።"

"የማን ያልደነዘዘ አለ? ያዝ ስልህ ያዝ።"

ሜይ 1943 ነው። አላስካ ጫፍ ላይ ባለችው በአቱ ደሴት ጃፓኖቹ ሸንተረሩን ይዘዋል፣ እኛ ከታች ወደ ላይ እንወጣለን። ጭጋጉ ሲገለጥ ይተኩሱብናል፤ ሲዘጋ እርስ በርሳችን እንጠፋፋለን። ከጥይቱ ይልቅ ብዙ ሰው የጣለው ግን ብርዱ ነበር። ጫማችን ለዚህ አገር አልተሠራም፤ እግሬ በውስጡ ከራሰ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ጣቶቼ እንዳሉ የማውቀው በእምነት ብቻ ነው።

እኔ ኤልሞ ታኬት የኬንታኪ ሰው ነኝ። ወታደር ከመሆኔ በፊት በከሰል ጉድጓድ ውስጥ በቅሎ እነዳ ነበር፤ ጦሩ ይህን ሲሰማ ቃሬዛ ተሸካሚ አደረገኝ፤ ከበቅሎ ጋር የዋለ ሰው ጭነት ያውቃል ብለው መሰለኝ። ከእኔ ጋር ያለው ኤውሴቢዮ ባካ የኒው ሜክሲኮ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አፉ እንደ መቀሱ የማያርፍ። አራተኛው ተሸካሚያችን ጠዋት እግሩ በውርጭ ጠቁሮ ስለቀረ ቃሬዛውን እኔና ባካ እየያዝን፣ ሃምሳ አለቃው ከፊት በገመድ እየመራ ወደ ባሕሩ ዳር እንወርዳለን። እዚያ የሐኪሙ ድንኳን አለ። መንገዱ አምስት ማይል አይሞላም ይባላል። የለካው ሰው በጀልባ ሆኖ መሆን አለበት።

የፕሩዊትን ቀኝ ጭን ጥይት ሰብሮታል። ሸንተረሩ ላይ ያለው የሕክምና ሰው ጠመንጃ እንደ መጠገኛ እንጨት አድርጎ እግሩ ላይ አሰረለት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግራ ክንዱን አንድ ቱቦ ሞርፊን ወጋው፤ ካርዱን ጽፎ የኮቱ ቁልፍ ላይ አሰረ፤ ባዶውን ቱቦ ኮሌታው ላይ ሰካ። ለእኛም ለየራሳችን አንድ አንድ ቱቦ ሰጠን። ጭጋጉ መንገድ ላይ ሊያሳድረን ይችላል ብሎ ነው።

"ስሙኝ፣" አለ ሲሰጠን። "አንድ ተወግቷል። ሁለተኛውን የሚያዘው ሐኪሙ ነው። መንገድ ላይ ካደራችሁ ብቻ ሃምሳ አለቃው ያዛል። የወጋ ሰው ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ባዶውን ቱቦ ኮሌታው ላይ ይሰካል። ገባችሁ?"

ገባን አልን። ቱቦዎቹ እንዳይቀዘቅዙ ብብታችን ውስጥ ሸጎጥናቸው።

ከድንጋዩ አላቅቀን፣ ፈትሸን፣ እንደገና አስረን ትንሽ ከሄድን በኋላ መሬቱ ገደል ላይ ተቆረጠ። ሃምሳ አለቃው መውረጃ ፍለጋ ወደ ግራ ሄደ፤ ባካን ወደ ቀኝ ላከው። እኔ ከፕሩዊት ጋር ቀረሁ። ስድስት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

"ታኬት።"

"አለሁ።"

"የወጉኝ ነገር አልሠራም። ውሃ ነው የሰጡኝ።"

"ትንሽ ታገስ፣ ይሠራል።"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ታገስኩ እኮ! አጥንቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ እሰማዋለሁ።" ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። "ቱቦ እንዳለህ አይቻለሁ። እለምንሃለሁ።"

ዴልበርት ፕሩዊት ለምኖ የሚያውቅ ሰው አይደለም። በስልጠናው ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ድስት ያሳጠበኝ ሰው ነው፤ ያጠብኩትን በጣቱ እየዳሰሰ "አሁንም ቅባት አለው፣ ታኬት" ይለኝ ነበር። አምርሬ ነበር የምጠላው። አሁን ግን እንባው ጉንጩ ላይ ሲረጋ አየሁ። ሌላ ሺህ ድስት ባጥብ እመርጥ ነበር።

ቱቦውን ከብብቴ አወጣሁት። እንደ ጥርስ ሳሙና ከኋላው የሚጨመቅ፣ ጫፉ ላይ መርፌ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ሱሪውን በተቀደደበት በኩል ገለጥ አድርጌ ግራ ጭኑ ላይ ወጋሁት። ሥጋው ከወንዝ እንደወጣ ዓሣ ይቀዘቅዛል። ጨመቅኩት፤ አለቀ።

ከዚያ ካርዱን ያዝኩ። እርሳሱ በገመድ ታስሮ አጠገቡ ተንጠልጥሏል። ብጽፍ ሃምሳ አለቃው ያያል፤ ቢያይ ትእዛዝ ጥሰሃል ብሎ ለጦር ፍርድ ቤት ይሰጠኛል። ደግሞም አንድ ቱቦ ካልሠራለት ሁለት ቢሆን ምን ይጎዳዋል? ካርዱን ለቀቅኩት። ባዶውን ቱቦ ኪሴ ከተትኩ።

"ለማንም እንዳትናገር፣" አልኩት።

"አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣" አለኝ። በስድስት ወር ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋናው ነበር፤ ደስም አለኝ፣ አፈርኩም።

መውረጃው ተገኘና ወረድን። አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን፤ ፕሩዊት ግን ማቃሰቱን አላቆመም። እንዲያውም ባሰበት። አንድ ጅረት ዳር ስንደርስ እኔና ሃምሳ አለቃው በገመድ ተያይዘን ጥልቀቱን ለመለካት ገባን፤ ባካ ከቁስለኛው ጋር ቀረ። ውሃው እስከ ወገባችን ደረሰ። ያን ቅዝቃዜ አሁንም ሳስበው ጥርሴ ይገጫል። ስንመለስ ባካ ቃሬዛው አጠገብ ተንበርክኮ የፕሩዊትን ብርድ ልብስ እያስተካከለ ነበር።

"ምን አገኛችሁ?" አለ ቶሎ ብሎ።

"ውሃ፣" አልኩት።

"እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ባትነግረኝ ቢራ ነው ብዬ እገባ ነበር።"

ቃሬዛውን ትከሻችን ላይ አውጥተን ተሻገርን። በዚያኛው ዳር ሃምሳ አለቃው እጁን ፕሩዊት ደረት ላይ አድርጎ ሰዓቱን እያየ ትንፋሹን ቆጠረ። "አሥራ ስምንት። ጥሩ ነው፣" አለ። ሁላችንም ደስ አለን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳኑን አየነው። የብረት ምድጃው ጭስ ከጭጋጉ በላይ ወጥቷል። ባካ "ልጆች፣ እኔ እዚያ ምድጃ ላይ ቂጤን ካላስቀመጥኩ አልሞትም" እያለ የመጨረሻዎቹን መቶ ሜትሮች በሩጫ አስጨረሰን።

ሐኪሙ ሻምበል ሃስከል ነበር፤ አጭር፣ መነጽሩን በክር ያሰረ፣ በሰላሙ ጊዜ የገጠር ሐኪም የነበረ ሰው። ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ጠየቀ።

"ስንት ወጋችሁት?"

"አንድ፣ ሻምበል፤ ካርዱ ላይ አለ፣" አለ ሃምሳ አለቃው። "ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግራ ክንዱን።"

"መንገድ ላይስ?"

"የለም።"

ሻምበሉ ወደ እኛ ዞረ። "የለም፣" አለ ባካ። እኔም የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

"ከተወጋ አምስት ሰዓት ተኩል አልፎታል። እግሩን ከማቃናቴ በፊት አንድ ልጨምርለት እችላለሁ፣" አለና ከሳጥኑ አዲስ ቱቦ አነሳ። እጄን ኪሴ ከትቼ ባዶውን ቱቦ ጨበጥኩ፤ አላወጣሁትም። ሻምበሉ የፕሩዊትን ክንድ ዳሰሰና ቆም አለ። "በረዶ ነው። መጀመሪያ ይሙቅ።" ቱቦውን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠው።

ፕሩዊትን ምድጃው አጠገብ አስተኛነው፤ እርጥብ ልብሱን ገፈፍን፣ አራት ብርድ ልብስ ደረብንለት፣ ሙቅ ውሃ የሞላንባቸውን ኮዳዎች ከጎንና ከጎኑ ደረደርን። ሳይቆይ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ ማቃሰቱ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ጉንጩ ቀልቶ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ታየ።

"አየኸው?" አለ ባካ። "እንደ ሙሽራ አማረበት እኮ! ማን ነው ያመጣው? እኛ!"

ሳቅን። ሃምሳ አለቃ ቮንድራቼክ እንኳ ሳቀ፤ ሾርባ በሄልሜቱ ሞልቶ አመጣልንና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ የኮራሁበት ቀን አልነበረም። ሾርባዬን እየተጎነጨሁ ፕሩዊትን አየሁት። ፉት አልኩ። ሁለተኛ ፉት አልኩ። ሦስተኛ ፉት ስል ነው እሱ አንዴ የተነፈሰው፤ ረጅም፣ የሚያንኮራፋ ትንፋሽ። እንደገና ጠበቅኩ። በጣም ቆየ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ትንፋሹን ቁጠርለት።"

ቆጠረ። ፊቱ ተለወጠ። "ሰባት።"

ሻምበሉ መጥቶ የዓይኑን ቆብ ገለጠ። ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል። ጆሮው ላይ ጮኸበት፣ ደረቱን በጣቶቹ አንጓ አሸው፤ ፕሩዊት ፈገግ እንዳለ ነው።

"ይህ የአንድ ቱቦ ሥራ አይደለም፣" አለ ሻምበሉ። "ያውም ከስንት ሰዓት በኋላ። መንገድ ላይ ወድቋል?"

"ቃሬዛው አንዴ አምልጦናል፣" አለ ሃምሳ አለቃው። "ከድንጋይ ጋር ተላትሟል።"

ሻምበሉ መነጽሩን አወለቀ። "እንግዲህ ጭንቅላቱ ውስጥ እየደማ ይሆናል። እሱ ከሆነ እዚህ ድንኳን ውስጥ የማደርግለት ነገር የለኝም። ሙቀቱን አትቀንሱበት፣ በሰላም ይሂድ።"

አባቴ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ድማሚት አቀጣጣይ ነበር። ስድስት ጉድጓድ ከሞላ ስድስት ፍንዳታ ቆጥሮ ነው የሚወጣው። አንዱ ካልፈነዳ ቀጣዩ ፈረቃ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ "አንድ ቀርቷል፣ እዚህ ጋ ነው" ይላል፤ የተናደደበት አለቃ ቢኖር እንኳ ይላል። ያልፈነዳው ድማሚት አልሠራም ማለት አይደለም፤ አንዱ ምስኪን ዶማውን እስኪያሳርፍበት እየጠበቀ ነው። ያን ቀዝቃዛ ጭን፣ የተጨመቀውን ቱቦ፣ ከዚያ ይህን ምድጃ አሰብኩ። እኔ ነኝ በር ላይ ቆሜ ዝም ያልኩት።

"ሻምበል፣ ጭንቅላቱ አይደለም። እኔ ነኝ።"

ባዶውን ቱቦ ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አደረግኩለት።

ሃምሳ አለቃ ቮንድራቼክ ሊይዘኝ ተነሳ። "አንተ ውሻ! ተጠይቀህ..."

"ስድቡ ይቆየን፣" አለ ሻምበሉ። "መቼ? የት?"

"ስድስት ሰዓት ላይ። ግራ ጭኑን።"

"ገባኝ። ብርድ ልብሱን አንሱ! ኮዳዎቹን አውጡ! ከምድጃው አርቁት! በረዶ አምጡ፣ ቶሎ!"

ሁላችንም ሮጥን። ሻምበሉ የላስቲክ ማሰሪያ አውጥቶ ግራ ጭኑን ከተወጋበት በላይ አሰረ፤ ግራ ክንዱንም እንዲሁ። የተወጋበት ቦታ ላይ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥን። እጁ እየሠራ አፉ ይነግረን ነበር።

"ሰው ሲበርደው ደሙ ከቆዳው ሥር ሸሽቶ ወደ ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱን የሚወስደው ሲጠፋ የወጋችሁት እዚያው ይቀመጣል። ቁስለኛው አልሠራም ይላል፤ እናንተ ትደግሙለታላችሁ። ሲሞቅ ደሙ ይመለስና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ልቡ ላይ ይደፋዋል። አሁን ጅራቱን ይዘን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምንለቀው። ማሰሪያውን አታጥብቁት፤ በየሩብ ሰዓቱ ትንሽ ላላ፣ መልሶ ያዝ። ታኬት፣ አንተ ጆሮው ላይ ቁጭ በል። ተንፍስ በለው።"

"ይሰማኛል?"

"መተንፈስ ረስቷል እንጂ ትእዛዝ አልረሳም። ወታደር ነው። እዘዘው!"

ጆሮው ላይ ተጎንብሼ "ተንፍስ!" አልኩት። ምንም የለም። "አስር አለቃ ፕሩዊት! ተንፍስ!" ብዬ እንደ በቅሎ ነጂ ስጮህ ደረቱ ከፍ አለ። አየር ገባ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ዝም ካልኩ ዝም ይላል፣ ካዘዝኩት ይተነፍሳል።

"እንደዚያ ነው!" አለ ሻምበሉ። "አታቁም!"

አላቆምኩም። ሃምሳ አለቃው ግን ሰዓቱን እያየ ያለ ትእዛዝ የሚመጣውን ትንፋሽ ሲቆጥር ቁጥሩ ይወርድ ነበር። ስድስት። አምስት። አራት።

"ለምን ይወርዳል?" አለ ሻምበሉ ለራሱ። "ሁለቱንም አግተናል። ሁለት ቱቦ ነው፣ ሁለቱም ታስረዋል። ከየት ነው የሚመጣው?"

ያን ጊዜ ነው ባካ ዝም ማለቱ የተሰማኝ። በረዶ ያመጣል፣ ይወስዳል፣ አንድ ቃል አይናገርም። በውሃ መካከል እንኳ ያልተዘጋ አፍ! ቀና ብዬ አየሁት፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

"ባካ፣ ያንተ ቱቦ የታለ?"

"እ?"

"ቱቦህ! ብብትህ ውስጥ የነበረው!"

በረዶው የሞላበት ሄልሜት ከእጁ ወደቀ። "ጅረቱ ጋ፣" አለ። "እናንተ ውሃ ውስጥ ሳላችሁ። ለመነኝ፣ ታኬት። በእናቴ ስም ለመነኝ። አንተ መውጋትህን መች አወቅኩ? አንድ ብቻ ነው ብዬ..."

"የት?" አለ ሻምበሉ።

"ቀኝ ክንዱን።"

ሦስተኛው ማሰሪያ ታሰረ። ቀኝ ክንዱ ምድጃው በነበረበት በኩል ስለነበር ከሁሉም በላይ የሞቀው እሱ ነው። በረዶ ደረደርንበት። ባካ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ በሌላኛው ጆሮው በኩል ተቀመጠ።

"ተራ በተራ፣" አለኝ። "ድምፅህ ሊጠፋ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ነው። እኔ "ተንፍስ!" እላለሁ፣ ባካ "ድገም!" ይላል። ቃሉ ሲሰለቸን ስድብ ጨመርንበት። "አንተ የድስት አምላክ፣ ተንፍስ! ቅባት አለው፣ ድገም! ይሄ ደግሞ ትንፋሽ ነው? የሴት አያቴ ድመት ከዚህ የተሻለ ትተነፍሳለች! እንደገና!" ስድስት ወር ሙሉ ያዘዘን ሰው ያን ቀን ታዘዘልን። ማሰሪያው በላላ ቁጥር ትንፋሹ ወርዶ ልባችን ይቆማል፤ ስንጮህበት ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ጭራሽ አልመለስ ሲል ሻምበሉ ክንዶቹን ወደ ላይ እያነሳና ደረቱ ላይ እየተጫነ አየር አስገባለት። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ቁጥሩን እየጮኸ ካርዱ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ቱቦ በእጁ ጽፎ ሰዓቱን ሞላ።

አራት። አምስት። አራት። ስድስት። ስምንት።

ስምንት ሲል ማናችንም አላመንነውም። እንደገና ቆጠረ። ዘጠኝ።

ምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ውጭው ገና ብርሃን ነበር። ሻምበሉ የመጨረሻውን ማሰሪያ ፈታ። ዝም ብለን አየነው፤ ማንም አላዘዘውም። ደረቱ በራሱ ተነሳ። ወረደ። ተነሳ። ከዚያ ፕሩዊት ግንባሩን ቋጥሮ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

"ማነው፣" አለ፣ ምላሱ ከብዶት፣ "ማነው ጆሮዬ ላይ እንዲህ የሚያናፋው?"

"ያምሃል?" አለው ሻምበሉ።

"ያምሃል ይለኛል! እግሬ ሊገድለኝ ነው እንጂ!"

ድንኳኑ በጩኸት ተናጋ። ባካ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። ሌሎቹ ቁስለኞች ሳይቀሩ ያልታሰረ እጃቸውን እያነሱ ያጨበጭቡ ነበር። ቮንድራቼክ ሰዓቱን ይዞ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። የሰው ሕመም እንዲህ ሲያስደስት ያን ቀን አየሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጠዋት ሻምበሉ እግሩን ሊያቃና ሲዘጋጅ ጠራኝ። አንድ ቱቦ አንስቶ ነበር። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"ደግሞ ሊወጉት ነው?"

"ሕመሙ እውነት ነው፣ ታኬት። መድኃኒቱም ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያልተጻፈው ላይ ነው። ሞቋል፣ ነቅቷል፣ ትንፋሹ አሥራ ስድስት ነው። ሩቡን ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ በደም ሥሩ እሰጠዋለሁ። አንተ ትንፋሹን ቁጠር።"

ቆጠርኩ። አሥራ አምስት። አሥራ አራት። እዚያው ቆመ። የፕሩዊት ግንባር ተፈታ፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነበር፣ ለሁላችንም የሚበቃ ስድብም ነበረው። ሻምበሉ ሰዓቱንና መጠኑን ካርዱ ላይ ጻፈና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

"ለሌሎቹም ድንኳኖች በስልክ ተናግሬአለሁ። ሃምሳ አለቃው ክሰሰው ብሎኝ ነበር፣ ዛሬ ትቶታል። ቅጣትህን ግን እኔ ሰጥቼሃለሁ፤ ባካም አብሮህ ይቀጣል። ከዛሬ ጀምሮ በሩ ላይ ትቆማለህ። ሳትጠይቀው የሚገባ ቃሬዛ እንዳይኖር።"

ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ አራት ሰዎች ከጭጋጉ ወጡ። ቃሬዛው ላይ ያለው ወጣት ሆዱን ይዞ ያቃስታል፤ ሽፋሽፍቱ ላይ በረዶ አለ።

"ስንት ወጋችሁት?"

"አንድ፣" አለ የፊተኛው። "ካርዱ ላይ አለ። አሳልፈን፣ በረደን እኮ!"

ካርዱን አየሁ፤ አንድ ይላል። ኮሌታው ላይ አንድ ቱቦ ተሰክቷል። አራቱንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ሦስቱ ምድጃውን ያያሉ። ከኋላ በኩል የያዘው ረጅም፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላበት ሰው ግን ጫማውን ነው የሚያየው።

"ወንድሜ፣" አልኩት። "ትናንት እዚሁ ቆሜ የለም ብያለሁ። ሁለተኛውን የወጋሁት እኔ ነበርኩ። ሦስተኛውን የወጋው ያ በረዶ የሚዝቀው ነው። ሰውዬው ውስጥ አለ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ የሚሳደበው እሱ ነው። ስማው እስቲ።"

አዳመጠ። ፕሩዊት አላሳፈረኝም፤ የወጥ ቤቱን ሰው ከነዘሩ ያብጠለጥለው ነበር።

ረጅሙ ሰው ቀና አለ። "ሁለት ነው፣" አለ። "ሁለተኛው የኔ ነው። ግራ ክንዱን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት።"

የወጣቱን ክንድ ዳሰስኩ። በረዶ ነው።

"ሻምበል!" ብዬ ጮህኩ። "ሁለት ነው! ግራ ክንድ! ገና አልሞቀም!"

"ከምድጃው አርቃችሁ አስገቡት!" አለኝ ከውስጥ፣ ማሰሪያውን ይዞ እየመጣ። ባካ ሄልሜቱን በረዶ ሞልቶ አጠገቤ ደርሷል። ቃሬዛውን ከረጅሙ ሰው ጋር ይዤ ገባሁ። ደርሰንለታል።